"ማርያም በሽልም ታውጣሽ" ካሉኝ በኋላ፦ ለምጥ እንዴት እንደተዘጋጀሁ

ሁለተኛ ልጄን በሰላም መገላገሌን ስፅፍ ኢንቦክሴ በጥያቄ ሞላ፣ አብዛኛው "እንዴት ሳትፈሪ ገባሽ" የሚል ነው። ኧረ ፈርቻለሁ! ግን የተዘጋጀሁበት ነገር ስላለ እስቲ ቁጭ ብዬ ልፃፈው አልኩ። ትልልቆቹ ካነበባችሁት ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች እንዳትሉኝ፣ ሀኪምም አዋላጅም አይደለሁም፣ ደብረ ማርቆስ የምኖር ሁለት የወለድኩ ሴት ነኝ። ለኔ ጥሩ ወሊድ ማለት የሚሆነውን እያወቅሽ፣ የምታምኚው ሰው አጠገብሽ ቆሞ፣ የሚያዋልድሽ ሰው ከመንካቱ በፊት "እንዲህ ላደርግ ነው እሺ?" እያለሽ ስትወልጂ ነው፣ ህመሙማ ያው አለ። በመጀመሪያው ልጄ ከነዚህ አንዱም አልነበረም፣ የት እንደወለድኩ አልናገርም፣ ብቻ ልጄ ጤነኛ ሆኖ ወጥቶ እንኳ ስለዛ ቀን ማውራት ለብዙ ጊዜ አልፈልግም ነበር።

ዝግጅቱን ከጆሮዬ ነው የጀመርኩት። እኛ ጋ ነፍሰጡር ሲያዩ ሁሉም "ማርያም በሽልም ታውጣሽ" ይላል፣ ደስ ይላል፣ ከዛ ቡናው ሁለተኛ ላይ ሳይደርስ የምጥ ወሬ ይከፈታል። የእከሊት እህት ሶስት ቀን አምጣ ምናምን፣ የእከሊት ደም አልቆም ብሎ፣ "እርጉዝ እኮ አንድ እግሯ መቃብር ነው" የሚል ደሞ አይጠፋም። ክፋት ኖሯቸው አይደለም፣ ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ወንዝ ሲያሻግሩ ያዩ ሰዎች ናቸው። ባህር ዳር ያለው የሃምሊን ፊስቱላ ማእከል እ.ኤ.አ. በ2005 የተከፈተው ለምን ሆነና፣ ምጥ ቀናት ሲፈጅና የሚደርስ ሀኪም ሲጠፋ ምን እንደሚያመጣ ጎጃም በደንብ ያውቀዋል። ግን ያንን ወሬ ስምንት ወር ሙሉ እየሰማሽ ምጥ ሲጀምርሽ ሰውነትሽ ቀድሞ ይጨማደዳል። ስለዚ ጎረቤት ያሉትን ትልልቅ ሴቶች "እትዬ፣ እሱን ከወለድኩ በኋላ ይንገሩኝ፣ አሁን ምን እንደረዳዎት ብቻ ይንገሩኝ" ማለት ጀመርኩ። መጀመሪያ ዝም አሉ፣ ጠይቋቸው የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ከዛ አንዷ ሁሉንም ልጆቻቸውን ቤት ተንበርክከው ምሰሶ ይዘው እንደወለዱ፣ ከኋላ እህታቸው ወገባቸውን ደግፋ እንደያዘቻቸው፣ ጀርባቸውን መሬት ያስነካቸው ሰው እንዳልነበረ ነገሩኝ። ያቺን ወሬ ያዝኳት።

ነገሩ ወሬ ብቻ አይደለም፣ የሰውነት አሰራር ነው። ግራንትሊ ዲክ ሪድ የሚባል እንግሊዛዊ ሀኪም በ1930ዎቹ ፍርሃት ሰውነትን ያኮማትራል፣ የተኮማተረ ሰውነት የበለጠ ያማል፣ ህመሙ ተመልሶ ያስፈራል ብሎ ነበር፣ ሁሉ ነገሩ ባይያዝለትም ይቺ ይቺ ዛሬም ትነገራለች። ማህፀንን የሚያኮማትረው ኦክሲቶሲን የሚባለው ሆርሞን ነው፣ ስንደነግጥ የሚመጣው አድሬናሊን ደግሞ ምጡን ሊያጓትተው ይችላል። ቤት እያለሽ ሲገፋ የነበረ ምጥ ጤና ተቋም ስትገቢ፣ መብራቱን፣ ጩኸቱን፣ የማታውቂያቸውን ሰዎች ስታዪ ቀጥ የሚለው ለዚህ ሊሆን ይችላል።

እኔን ከሁሉም ያረጋጋኝ ግን ሂሳቡ ነው። ምጥ ሲጠና በ10 ደቂቃ ውስጥ ሶስት ወይ አራት ጊዜ ይመጣል፣ አንዱ 1 ደቂቃ አካባቢ ቢቆይ ነው። ደምሩት፣ ከ1 ሰዓት ውስጥ የሚያመው 20 ደቂቃ ቢበዛ 25 ነው፣ ሌላው እረፍት ነው! በመጀመሪያው ልጄ እረፍቱንም "አሁን መጣ አሁን መጣ" እያልኩ ነው ያባከንኩት። ደሞ ምጡ ጫፍ ደርሶ ይወርዳል፣ እስከመጨረሻው እየጨመረ አይሄድም፣ ይሄንን ማንም አልነገረኝም ነበር።

ስለዚ አንዷን ደቂቃ ተለማመድኩ። ጠዋት ጠዋት እጄን በረዶ የሆነ የማርቆስ ውሃ ውስጥ ነክሬ ስልኬ ላይ 1 ደቂቃ እቆጥራለሁ፣ በአፍንጫ ቀስ ብዬ አስገብቼ በአፍ ካስገባሁት አስረዝሜ ማውጣት፣ ትከሻ ዝቅ፣ መንጋጋ ላላ። ባለቤቴ መጀመሪያ ያበድኩ መስሎት ነበር፣ በኋላ እሱም እጁን ከቶ ሰላሳ ሰከንድ ሳይሞላ አወጣ (ይሄን ሳትናገሪ አታልፊም ብሎ ይናደዳል)። ትንፋሹን ሳወጣ ድምፅ ያስፈልገኝ ስለነበር እናቶቻችን በምጥ የሚጠሯትን ማርያምን ጠራሁ፣ "ማ...ር...ያ...ም" ብለሽ በረጅሙ ስትጎትቺው ትንፋሹ አብሮ ይወጣል፣ አፍሽም ይላላል። ሩፋኤልንም አልረሳሁም፣ ማህፀን ፈቺ ነው አይደል፣ ጳጉሜን 3 ዝናቡ ስር ያንን ሆድ ይዤ ወጥቼ የቆምኩትን ሰፈሩ ሁሉ አይቷል።

ወደ ሰውነቱ ስመጣ ብዙ አልተራቀቅኩም። በእግር መሄድ፣ ቁጢጥ ማለት፣ ወለል በጉልበቴ ተንበርክኬ መወልወል፣ ወገቤን ማዞር፣ በግራ ጎኔ መተኛት። ቁጢጥ የምለው የዳሌ አጥንት መውጫው ሰፋ ስለሚል ነው፣ ግን ደም ግፊት ወይ ደም መፍሰስ ያለባት ሴት መጀመሪያ ክትትል የምታደርግበት ቦታ ትጠይቅ። ሽንት ለማቆም የምንይዘውን ጡንቻ መያዝና መልቀቅም ሰራሁ፣ ለወሊድ ዋናው ግን መልቀቁ ነው። ከ34 ሳምንት በኋላ ደግሞ የታችኛውን አካል፣ ልጁ የሚወጣበትን ዙሪያ ማለቴ ነው፣ በንፁህ ዘይት ማሸት በተለይ የመጀመሪያ ልጅ ለሚወልዱ መቀደድና ስፌትን ይቀንሳል፣ ያሳፍራል አውቃለሁ፣ ግን ስፌት ይዞ መቀመጥስ?

ምግብ ላይ ጦርነት ነበር። ወተት ጠጥተሽ ሙዝ በልተሽ ልጁ አናት ላይ ይለጠፋል ይላሉ፣ ሲወለድ የሚታየውን ነጭ ነገር ማስረጃ አድርገው። እሱ እኮ አብዛኛው ህፃን ቆዳው ላይ ይዞት የሚወጣ የተፈጥሮ ቅባት ነው፣ እናቲቱ ወተት ጠጣችም አልጠጣች። "ብዙ ከበላሽ ልጁ ገዝፎ ያስቸግርሻል" የሚለውም አለ፣ ደም ማነስ ይዟት ምጥ የምትገባ ሴት ነው እንጂ ይበልጥ የምታስፈራው። የደም ክኒኔን ከቡና ጋር አልወስድም ነበር፣ ቡናና ሻይ ብረቱ ወደ ሰውነት በደንብ እንዳይገባ ያደርጋሉ፣ በብርቱካን ነው የወሰድኩት። ቡናው ላይ ጤና አዳም እንዳይደረግብኝም ለመንኩ፣ ሲበዛ ማህፀን ያኮማትራል፣ ኮሶማ ጭራሽ አይነካም። ፆሙ ግን ከበደኝ፣ ፍልሰታ ሆዴ ገፍቶ ነው የመጣው፣ ህፃናት እንኳ የሚፆሙት የእመቤታችን ፆም እንዴት ይታለፋል። የንስሐ አባቴን ስጠይቃቸው "ልጄ የምትመገቢው ለሁለት ነፍስ ነው፣ አንቺ በፀሎት ያዢው" ብለው ፈቱኝ። ለነፍሰጡር መፍቀድ አዲስ ነገር አይደለም፣ ብዙዎቻችን ስለምናፍር ነው የማንጠይቀው።

አሁን ዋናው ላይ ደረስኩ፣ አጠገብ የሚቆመው ሰው። ይሄን ከእስትንፋሱም ከቁጢጡም አስበልጠዋለሁ። ከ15,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉባቸው 26 ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ምጥ ላይ ሳይቋረጥ የሚደግፋት ሰው ያላት ሴት በራሷ የመውለድ እድሏ ይጨምራል፣ ኦፕራሲዮን ይቀንሳል፣ ስለወሊዷ መጥፎ ስሜት ይዛ የምትወጣውም ያንሳል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ሴቲቱ የመረጠችው ሰው አብሯት ይሁን ይላል። የመረጠችው ነው የሚለው፣ ቤተሰብ የመደበላት አይደለም። እኔ ባለቤቴን እወደዋለሁ፣ ግን ደም ሲያይ የሚያዞረውን ሰው ማስታመም አልፈልግም፣ እናቴን መረጥኩ። እናቴ ደግሞ ስታዪኝ አልቅሺ የተባለች ይመስል ታለቅስ ስለነበር አንድ ቀን ቁጭ አድርጌ "እናቴ፣ ስጮህ አብረሽኝ አትጩሂ፣ ወገቤን እሺኝ፣ ውሃ አጠጪኝ፣ ማርያም በይ" አልኳት። ትንሽ ከፋት መሰለኝ፣ ግን እለቱ ሲደርስ ቃሏን ጠበቀች፣ በሁለት መዳፏ ወገቤን ስትጫነው የነበረውን እስከዛሬ አልረሳውም። ክትትል ላይ እያለሁም ሲስተሯን "ሰው ይዤ መግባት ይቻላል? በጎኔ ሆኜ መውለድስ?" ብዬ አስቀድሜ ጠየቅኩ፣ ምጥ ላይ ሆኖ መከራከር የለም።

የቦታና የመንገድ ነገርን እኛ ከዚህ አካባቢ የሆንን ቀለል አድርገን ማየት አንችልም። ክረምቱ ጭቃ ነው፣ ላለፉት ዓመታት ደግሞ መንገዱ መቼ እንደሚዘጋ፣ ኔትወርኩ መቼ እንደሚጠፋ አይታወቅም፣ ማታ ምጥ ቢመጣ መኪናም ሹፌርም ላይገኝ ይችላል። ስለዚ ከከተማ ራቅ የምትሉ "ምጡ ሲመጣ እሄዳለሁ" አትበሉ፣ ቀናችሁ ሳይደርስ ዘመድ ጋ ግቡ፣ ዘመድ ከሌለም ብዙ ጤና ጣቢያዎች ጋ የእናቶች ማቆያ አለ፣ ገንፎም ቡናም የሚፈቅዱ አሉ፣ መንግስት ጤና ተቋም መውለድ ደግሞ በነፃ ነው። የአምቡላንሱን ስልክ ወረቀት ላይ ፃፉት፣ የደም አይነታችሁን እወቁ፣ ደም የሚሰጥ ሰው ተናግራችሁ አስቀምጡ፣ ካርዱና የልጁ ልብስ አንድ ቦርሳ ውስጥ ይሁን፣ ሁለት ንፁህ ነጠላ ጨምሩ።

ምጡ መስከረም ውስጥ መጣ። ቤት ስዞር ቆይቼ ገባሁ፣ ሲስተሯ የማህፀን በሩ ምን ያህል እንደተከፈተ አይታ "አራት ሴንቲ ነው፣ ገና ነሽ" ስትለኝ በፊት ቢሆን ሰማይ ይደፋብኝ ነበር፣ አሁን ግን በዛው በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ዋናው ምጥ የሚቆጠረው ከ5 ሴንቲ ጀምሮ እንደሆነ አንብቤያለሁ፣ ለመጀመሪያ ልጅ ከዛ በኋላ እንኳ እስከ 12 ሰዓት ሊሄድ እንደሚችል። ኮሪደሩ ላይ ተመላለስኩ፣ አልጋውን ተደግፌ ቆምኩ፣ ተንበረከክኩ (እትዬን አስታወስኩ)፣ መጨረሻ ላይ በጎኔ ሆኜ ወለድኩ። መሀል ላይ "በቃኝ አልችልም" ብዬ ጮሄያለሁ፣ እስትንፋሱም ሂሳቡም ብን ብሎ ጠፍቶብኝ ነበር፣ እናቴ ናት ዓይኔን እያየች "ማርያም በይ" እያለች የመለሰችኝ። ከዛ እልልታ፣ "እንኳን ማርያም ማረችሽ"፣ ልጅቷን እንደወጣች ደረቴ ላይ አደረጓትና እንገሩን ጠባች።

ይሄን ሁሉ አዘጋጅታ ኦፕራሲዮን የምትሆን ሴት አለች፣ የባለቤቴ እህት ባህር ዳር እንደዛ ሆነች፣ የልጁ የልብ ምት ወረደ ተባለ። ግን ለምን እንደሆነ አስረድተዋት፣ ጠይቃ፣ እሺ ብላ ስለገባች ዛሬም ስትተርከው አትሸማቀቅም፣ "በራሴ ሳልወልድ" እያሉ የሚያዝኑላትን ነው የምትቆጣው። እኔ በራሴ ከወለድኩት ከመጀመሪያው ልጄ የሷን እመርጣለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አትርሱ፣ ደም ከፈሰሰ፣ ሽርት ውሃው አረንጓዴ ከሆነ ወይ ምጥ ሳይጀምር ከፈሰሰ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ራስ ምታቱ ጠንቶ ዓይን ካደበዘዘ፣ ፊትና እጅ ድንገት ካበጠ፣ እዛ ላይ እስትንፋስ ልምምድ የለም፣ ተልባም የለም፣ "እስኪነጋ" የለም። አምቡላንስ፣ ባጃጅ፣ ቃሬዛም ቢሆን፣ የተገኘውን ይዞ ወደ ጤና ተቋም ነው።