አንድ ኢንች በረዶ በጣለበት የጥምቀት ምሽት ወደ ቤቴ እንዴት እንደገባሁ

ጥር 11 ቀን 2008 ዓ.ም. በዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ ስነዳ የዋልኩበት የጥምቀት ዕለት ነበር፤ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 20 ቀን 2016 መሆኑ ነው። ለምሽቱ የተተነበየው አንድ ኢንች ገደማ በረዶ ብቻ ስለነበር፣ እኔም እንደ ሌላው ሰው ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ሁላችንም የምናወራው ከሁለት ቀን በኋላ ይመጣል ስለተባለው ትልቅ የበረዶ ውሽንፍር ነበር። ቤተሰቤ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ለበዓሉ እራት ይጠብቀኝ ስለነበር፣ የመጨረሻውን ተሳፋሪ መሃል ከተማ አውርጄ በ16ኛው ጎዳና ሽቅብ ተጓዝኩ።

በረዶው እንደ ተነፋ ዱቄት ስስ ሆኖ አስፋልቱን ሸፍኖታል። መንገዱ ግን በረዶ እንዳይጋገርበት የሚረጨው ጨው አስቀድሞ አልተረጨበትም፤ ብርዱም ውሃ ከሚረጋበት ከ32 ዲግሪ ፋራናይት በታች ወርዶ ነበር። ከሥራ የወጣው ሕዝብ መንገዱን በአንድ ጊዜ ሲሞላው፣ ጎማዎቹ ስሱን በረዶ እየደፈጠጡ ያቀልጡታል፣ የቀለጠውም ወዲያው ተመልሶ ይጋገራል፤ ስለዚህ ብዙም ሳይቆይ አስፋልቱ መስታወት ሆነ። ያልተረገጠ በረዶ ላይ ጎማ ትንሽም ቢሆን የሚነክሰው ነገር አያጣም፤ በተጋገረው ላይ ግን የሚይዘው የለውም። በዚያው ምሽት የፕሬዚዳንት ኦባማ አጀብ ሳይቀር ከአንድሪውስ የጦር ሰፈር ዋይት ሐውስ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ እንደፈጀበት በማግስቱ ሰማሁ።

ዩ ስትሪት ጋ ስደርስ ነጠላቸውን በካፖርታቸው ላይ የተከናነቡ አንዲት እናት አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆመው አየሁ። መስኮቱን አውርጄ፣ «እናቴ፣ ወዴት ነዎት?» ስላቸው፣ «ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ ልጄ፤ አውቶቡሱ ከቀረ አንድ ሰዓት አለፈው» አሉኝ። አሳፍሬያቸው እስከ ሜሪዲያን ሂል ዳገት ግርጌ አብረን ሄድን። ከፊታችን አንድ አውቶቡስ መንገዱን አግድም ዘግቶ ቆሟል፤ ከጎኑ ያሉት መኪኖች ጎማቸው በባዶ ይሽከረከራል። ግማሽ ሰዓት ያህል ከጠበቅን በኋላ ትንሽ ክፍተት አገኘሁና ዳገቱን ሞከርኩት። ፍሬኑን ረግጬ እንደያዝኩ መኪናው ሁለት ክንድ ያህል ወደ ኋላ ተንሸራተተ። መሪው በእጄ ነው፣ ፍሬኑም በእግሬ ሥር ነው፣ መኪናው ግን የእኔ አልነበረም። ያን ጊዜ እናታችን፣ «ልጄ፣ ተወው። እግር አለን» አሉ።

እኔ ብቻዬን ብሆን ኖሮ ደጋግሜ የምሞክር ይመስለኛል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ እዚያው ዳገት ላይ እስከ እኩለ ሌሊት ቆይቷል። እኛ ግን ቀስ ብለን ወደ ኋላ ወጣንና፣ በበረዶ ጊዜ መኪና ማቆም የሚከለክለው ቀይና ነጭ ምልክት የሌለበት ሜዳማ የውስጥ መንገድ ፈልጌ መኪናውን አቆምኩ። ባቡር ጣቢያው 13ኛው ጎዳና ላይ ስለሆነ የሚቀረን ጥቂት መንገድ ብቻ ነበር፤ ነገር ግን የእግረኛው መንገድም እንደ አስፋልቱ ተጋግሯል። እናታችን ከቦርሳቸው ሁለት ጥንድ ወፍራም ካልሲ አወጡና አንዱን ለእኔ ሰጥተው፣ ሌላውን ከጫማቸው በላይ አጠለቁ። ቢሮ በማጽዳት ሥራ ብዙ ክረምት እንዳሳለፉና ይህን ከዚያ እንደተማሩት ነገሩኝ። እኔም እንዳሉኝ አድርጌ እጃቸውን ይዤ ሄድኩ፤ የካልሲው ክር በረዶውን ቆንጠጥ እያደረገ ስለያዘልን አንዴም ሳንወድቅ ደረስን። በአረንጓዴው መስመር እስከ ፎርት ቶተን፣ ከዚያም በቀዩ መስመር ሲልቨር ስፕሪንግ ገባን።

ከሁለት ቀን በኋላ ያ የተፈራው ውሽንፍር መጣ፤ ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ 29.3 ኢንች ተለካ። ቅዳሜና እሑድ ባቡር እንደማይኖር አስቀድሞ ስለተነገረ ሁሉም አስቤዛውን ገዝቶ ቤቱ ከተተ፤ ከማውቃቸው ሾፌሮች አንድም መንገድ ላይ የቀረ አልነበረም። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ ወዲህም ቢሆን ትንሹ በረዶ ነው፤ ሰው ሥራውን ሳያቋርጥ፣ ሰዓቱን ሳይለውጥ፣ በሁልጊዜው ፍጥነት የሚወጣው በእርሱ ቀን ነውና።

ስለዚህ በረዶ ይጥላል በተባለ ቀን ገና ጠዋት የማየው አስፋልቱን ነው። ጨዋማ ውሃ የተረጨበት መንገድ ሲደርቅ በርዝመቱ እንደ ኖራ የተሰመሩ ቀጫጭን ነጭ መስመሮች ይታዩበታል። መስመሮቹ ከሌሉ በረዶው ሳይጀምር እገባለሁ፤ ካመለጠኝም ጨው የሚበትኑት መኪኖች እስኪያልፉ ሁለትና ሦስት ሰዓት ሞቅ ያለ ቦታ እቆያለሁ እንጂ ከሕዝቡ ጋር አልወጣም። ድልድይ ላይ ብርዱ ከላይም ከታችም ስለሚያገኘው ከሌላው መንገድ ቀድሞ እንደሚጋገር አልረሳም። ከፊቴ ያለው መኪና ካለፈበት ቦታ ስምንት ሴኮንድ ያህል ዘግይቼ እንድደርስ እርቃለሁ፤ ዳገት ከመጀመሬ በፊትም አናቱ ድረስ መንገዱ ክፍት መሆኑን ሳላይ አልገባም፣ መሃሉ ላይ የቆመ መኪና እንደገና መነሳት ይቸግረዋልና። ሾፌሮችም በስልክ እንጠራራለን፤ የትኛው ዳገት እንደተዘጋ ከማንም ፈጥኖ የሚነግረኝ ከፊቴ ያለው ወንድሜ ነው።

ከአገር ቤት በቅርብ ለመጡት ይህን ሁሉ ሳስረዳ ቋንቋችን ራሱ ያስቸግረኛል። ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠርም፣ ይህን ዱቄት የሚመስለውንም፣ አስፋልት ላይ የተጋገረውንም በአንድ ቃል በረዶ እንላቸዋለን። አዲስ አበባ ላይ የምናውቀው በረዶ ቆርቆሮውን ደብድቦ ከአፍታ በኋላ ይቀልጣል፤ ስለዚህ አዲስ ሰው ስሱን ሲያይ ሊያልፍ ነው ብሎ ይነዳል። ባለፈው ክረምት ሥራ የጀመረ አንድ ወጣት ሾፌር ስልክ ደውሎ፣ «ጋሼ፣ ትንሽ ናት፣ ልውጣ?» ሲለኝ፣ መጀመሪያ በእግሩ ወጥቶ አስፋልቱን በጫማው ጫፍ እንዲፍቀው ነገርኩት። ከአፍታ በኋላ መልሶ ደወለና መኪናውን እዚያው አቁሞ በባቡር እንደሚሄድ ነገረኝ።