ከሒሳብ ደብተሩ ጀርባ፦ የትንሣኤ መልእክት

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለጌታችንና ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የትንሣኤ በዓል በሰላም አደረሳችሁ!

ይህን የምጽፍላችሁ ከኮዬ ፈጬ ነው። ቅዳሜ ማታ ነው። የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ከታች እስከ ላይ የቁሌት ሽታ ነው። እማዬ ዶሮውን ለእህቴ አስረክባ፣ መነጽሯን አድርጋ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ አንድ ደብተር አለ። ዛሬ ስለዚህ ደብተር ላጫውታችሁ።

ሽፋኑ ላይ «ሒሳብ፣ 8ኛ ክፍል፣ 1972 ዓ.ም.» ይላል። ስትከፍቱት እውነትም ሒሳብ ነው። ክፍልፋይ፣ መቶኛ፣ የመምህሩ ቀይ ራይት። ከዚያ ጥቂት ባዶ ገጾች። ገልብጣችሁ ከጀርባ ስትጀምሩ ግን መዝሙር ነው። በደቃቅ ፊደል፣ ወረቀት እንዳይባክን ጥቅጥቅ ተደርጎ የተጻፈ። ቆጥሬዋለሁ፤ 64 መዝሙሮች አሉት። አዝማቹ ጎን «አዝ» ይላል። የሚደገመው መስመር ጫፍ ላይ (2) አለ። ፈታሽ ቢመጣ ደብተር የሚከፍተው ከፊት ነው። የ8ኛ ክፍል ልጅ ይህን አስባ ነበር።

የመዝሙር መጽሐፍ ለአገራችን ወንጌላውያን አዲስ ነገር አይደለም። የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚው ኦነሲሞስ ነሲብ በአፋን ኦሮሞ ያዘጋጀው ምፅዋ አጠገብ ምንኩሉ ላይ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1887 ነው። እኛም እዚህ ሰፈር በሁለቱም ቋንቋ ስለምንዘምር ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል። የጴንጤቆስጤዎቹ ታሪክ ግን ለየት ይላል። ከፊንላንድና ከስዊድን የመጡት ሚሲዮናውያን የየአገራቸውን መዝሙር ይዘው መጡ፤ ተተረጎመ፣ ተዘመረ። የትርጉም መዝሙር አልንቅም፤ ብዙ ሰው በእሱ አምኗል። ግን አማርኛው ዜማው ውስጥ ሲጨናነቅ ይሰማኛል። ጠብቆ መነበብ ያለበትን ፊደል ዜማው ያላላዋል፤ የሚላላውን ያጠብቀዋል። አማርኛ ላይ ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ትርጉም ይለውጣል።

በ1959 ዓ.ም. የጴንጤቆስጤ ወጣቶች የሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያንን መሠረቱ። እንመዝገብ ብለው አመለከቱ፤ ተከለከሉ። ነሐሴ 1964 አዲስ አበባ ውስጥ ለአምልኮ እንደተሰበሰቡ 250 ገደማ ሰዎች ታሰሩ። እንግዲህ መዘምራኑ የራሳቸውን ቃልና ዜማ ማውጣት የጀመሩት በእነዚህ ዓመታት ነው። እጃቸው ላይ ጊታርና አኮርዲዮን ነበር፤ ጆሯቸው ግን ያደገው በትዝታና በአምባሰል ነው። ከአፋቸው የወጣውም እንደዚያው ሆነ። እማዬ «የኛው ዜማ መጀመሪያ ስሰማው ቤቴ የገባሁ መሰለኝ» ትላለች።

በደርግ ጊዜ ብዙ ጸሎት ቤቶች ተዘጉ። አምልኮ ወደ ሳሎንና ወደ ጓዳ ገባ። የመዝሙር መጽሐፍ ማሳተም የሚታሰብ አልነበረም። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ሰባት ዓመት ታሰረ፤ እዚያም ሆኖ መዝሙር ጻፈ። መጽሐፍ ስላልነበረ መጽሐፉ ካሴትና ደብተር ሆነ። አሠራሩ ይህ ነው፦ ሁለት ቴፕ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ አንዱ ያጫውታል፣ አንዱ ይቀዳል። ከቅጂው ሌላ ቅጂ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ። ከዚያ አንድ ሰው ቴፑ ስር ተደፍቶ ይሰማል፣ ያቆማል፣ ይጽፋል። ወደ ኋላ ለመመለስ ካሴቱ ቀዳዳ ውስጥ ቢክ እስክሪብቶ ከቶ ማሽከርከር ነው፤ ባትሪ ውድ ነው። አራተኛው ቅጂ ላይ ድምፁ ከሹክሹክታ አይለይም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ባለፈው ሐሙስ ልጆቹ ቆርቆሮ አዳራሻችን ውስጥ ለፋሲካ ሲለማመዱ አንድ የድሮ መዝሙር ላይ ተጣሉ። ሦስተኛው ስንኝ አንዱ ስልክ ላይ «ያጽናናኛል» ይላል፣ ሌላው ስልክ ላይ «ያጸናኛል»። በደከመ ካሴት ሁለቱን መለየት ከባድ ነው። ፕሮጀክተሩ ላይ ደግሞ ስንኙ ከነጭራሹ የለም። እዚህ ላይ ቅሬታዬን ልናገር፦ ስክሪን ለአዲስ ሰው ጥሩ ነው፤ ግን አዝማቹንና የመጀመሪያውን ስንኝ ብቻ አስለመደን። የጭንቁ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ላይ ነው ያለው።

«እትዬ ደብተር ውስጥ ይኖራል» አለ አንዱ። ተገኘም፤ 31ኛው መዝሙር። በእማዬ ሰማያዊ ቀለም «ያጽናናኛል» ተብሎ ተጽፏል። ላዩ ላይ በጥቁር እስክሪብቶ ተሰርዞ፣ በሌላ ሰው እጅ፣ ትንሽ ወደ ግራ በተጋደለ ፊደል፣ «ያጸናኛል» ይላል።

የሰረዘችው የክፍል ጓደኛዋ ናት። እማዬ ካሴቱን ሰምታ ስትጽፍ ልጅቷ ታስራ ነበር። በሁለተኛው ወር ተፈታች። ደብተሩን ተቀብላ አነበበች፣ እስክሪብቶ ጠየቀች፣ ሰረዘች። «እዛ ውስጥ እንደዚህ ነው የምንዘምረው» አለቻት። ከዚህ በላይ አላወራችም። እማዬም አልጠየቀቻትም።

ልጆቹ ዝም አሉ። እኔ ይህን ደብተር ስንት ጊዜ አገላብጬዋለሁ፤ ስርዙን የጽሑፍ ስህተት አድርጌ አልፌው ነበር። በ1983 ጸሎት ቤቶች ሲከፈቱ፣ በኋላም የመዝሙር ጥራዞች እንደልብ ሲታተሙ፣ እንዲህ ያለው ስርዝ አብሮ አይታተምም።

«ታዲያ የትኛውን እንዘምር?» አለ የመዘምራኑ መሪ። እማዬ መስመሩ ጫፍ ላይ ያለውን (2) በጣቷ አሳየችው። «ሁለቴ ነው የሚባለው» አለች። «አንዴ የኔን፣ አንዴ የሷን በሉት።»

ነገ ጠዋት እንደዚያ ይዘመራል። እቤታችሁ እንዲህ ያለ ደብተር ካለ እባካችሁ አትጣሉት፤ ገጹን ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፣ የስርዙን ታሪክም ጠይቁ። እማዬ አሁን ሶፋው ላይ ሆና እየተለማመደች ነው። አዳራሹ ከተከፈተ ስንት ዓመቱ፤ እሷ ግን ደብተሩን ስትይዝ ዛሬም ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች።

መልካም የትንሣኤ በዓል ይሁንላችሁ! ጌታ ይባርካችሁ።