ስለ ቁጠባ ስጠይቅ ስለ በሬ የነገሩኝ

በሐረሪ ክልል ሶፊ ወረዳ ገበሬዎች ጎጆ ከወጡበት ዕለት አንስቶ እስከ እርጅና የቤታቸውን ፍጆታ እንዴት ሳይቋረጥ እንደሚያቆዩ ላጠና ስሄድ የያዝኩት መጠይቅ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንቱ ፍራንኮ ሞዲግሊያኒና ሪቻርድ ብራምበርግ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ባቀረቡት ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነበር። ሐሳቡ ሰው በጉልበቱ ዘመን ቆጥቦ በእርጅናው ያንኑ ይበላል የሚል ነው። እኔም «በወር ስንት ይቆጥባሉ?» እያልኩ ጠየቅሁ፤ ሁሉም «ምንም» አሉኝ፤ ዜሮ እያልኩ መዘገብሁ።

ስሕተቴ የገባኝ አንድ አዛውንት «ምንም» ብለውኝ ሲያበቁ ተነሥተው ግቢያቸው ውስጥ ለታሰረው በሬ አንድ ሸክም ከማሳ የተነቀለ ማሽላ ሲያቀርቡለት ባየሁ ጊዜ ነው። በሐረርጌ ማሽላ ሆን ተብሎ ጥቅጥቅ ተደርጎ ይዘራል፤ ሲያድግ እየተመረጠ የሚነቀለው ትርፍ ተክል ለከብት ይሆናል። ወይፈን ይገዛል፣ ጥቂት ዓመት ያርሳል፣ ከዚያ ታስሮ ተቀልቦ ሰንጋ ሆኖ ይሸጣል።

«አባባ፣ ይህ በሬ ለምን ተቀመጠ?»

«ለልጄ ሰርግ ነው። ከተረፈ ወይፈን እገዛበታለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ስለ ገንዘብ መጠየቄን ትቼ መጨረሻ የተሸጠው ከብት የትኛው እንደነበረና ምን ችግር እንዳሸጠው ጠየቅሁ። ዓመተ ምሕረት የማያስታውስ ሰው እንኳ የሰባ ሰባቱን ድርቅ መነሻ አድርጎ ይቆጥርልኛል።

ሁለተኛው ስሕተቴ ቤተሰብን በጣራ መቁጠሬ ነበር። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት ስለማይሸጥ አባት ሲያረጅ ማሳውን ወደ ገንዘብ ለውጦ አይበላም፤ ለሚያገቡ ልጆቹ እያካፈለ ቀሪውን ምርቱን እኩል ለሚካፈለው አራሽ ይሰጣል ወይም ከታናሹ ልጁ ጋር ያርሳል። እኔ «ብቸኛ ድሃ» ብዬ የመዘገብኳቸው ሽማግሌ እራታቸው ከጎረቤት ካለው የልጃቸው ቤት ይመጣል። ጫት ጥሬ ገንዘብ ያመጣል፤ ነገር ግን ሌሊት የሚጠብቀው ጉልበት ይፈልጋል። ጧሪ ልጅ የሌላት መበለት ነገር ደግሞ ሌላ ነው፤ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም መሥራት ለማይችሉ ሰዎች ያለ ሥራ የሚሰጠው ድጋፍ ትርጉሙ የገባኝ እንዲህ ያሉ ቤቶችን ካየሁ በኋላ ነው።

ዜሮ የጻፍኩባቸውን ቤቶች እንደገና ዞርኩ። አዛውንቱ ጋር ስደርስ ሰርጉ አልፏል፤ በሬው በነበረበት ካስማ ላይ አንድ ከሲታ ወይፈን ታስሯል።