ከአጥሩ ውጭ ያለችው ሆለታ

ሆለታን የሚያውቃት ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያውቃት በጦር ትምህርት ቤቷ ነው። «የሆለታ ምሩቅ» ከተባለ መኮንን ነው፤ ሌላ የሚታሰበው ሰው የለም። እኔ የሆለታ ልጅ ነኝ። ያደግኩት ግን ከግቢው አጥር ውጭ ነው። ሰሞኑን አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶኛል። ከአጥሩ ውጭ የኖረው ሰው የት ነው የተጻፈው?

አሁን የምኖረው አስኮ ነው። የሆለታ መኪና የሚነሳው ከእኛው መናኸሪያ ስለሆነ ለመሄድ ሰበብ አላጣም። ሆለታ ቡራዩን፣ ገፈርሳን፣ መናገሻን አልፎ ነው። አክስቴ እዚያው አለች። ጥያቄውን ይዤ የሄድኩት እሷ ጋ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን መጻሕፍት ቤቶቹን አዳርሻለሁ።

ስለ ትምህርት ቤቱ ማንበብ ለሚፈልግ ወረቀት ሞልቷል። ወመዘክር አለ፤ ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ መጽሐፍና ሰነድ ሲሰበስብ የኖረ ቤት ነው። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ። የድሮው አዲስ ዘመን ተጠርዞ ተቀምጧል፤ ነጋሪት ጋዜጣም እንዲሁ። ቁጭ ብሎ ላገላበጠ ሰው ምረቃው፣ ሹመቱ፣ ጉብኝቱ ሁሉ አለ።

ታሪኩን በአጭሩ ላስቀምጠው። አፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሠርተውበት የነበረው ግቢ በጥር 1927 ዓ.ም. የጦር ትምህርት ቤት ሆነ። ያኔ ከተማዋ ገነት ትባል ነበር። አስተማሪዎቹ በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች ናቸው። ተማሪዎቹ አዲስ አበባ በተከፈቱት ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ያለፉ ወጣቶች ነበሩ። ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው፣ መስከረም 1928 ዓ.ም. ላይ፣ ጣሊያን መረብን ተሻገረ። ሚያዝያ ላይ ትምህርታቸውን ያልጨረሱት ልጆች የጠላትን ጦር ለማስቆም ወደ ጣርማ በር ዘመቱ። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ተያዘች።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው ልቤን የሚነካው። ንጉሡ ተሰደዋል፣ መንግሥት የለም፣ አስተማሪዎቹም የሉም። ከተማሪዎቹ የተወሰኑት ወደ ነቀምት ሄዱ። እዚያ ከሌሎች የተማሩ ሰዎች ጋር ሆነው የጥቁር አንበሳ ማኅበርን አቋቋሙ። ሊቀ መንበሩ እንግሊዝ አገር የእንስሳት ሕክምና የተማሩት ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ናቸው። መጀመሪያ ካደረጓቸው ነገሮች አንዱ ደንብ መጻፍ ነበር፤ 10 አንቀጽ ያለው ደንብ። ወታደሩ ለፖለቲካው አመራር ይታዘዝ ይላል። ገበሬው እንዳይበደል፣ ምርኮኛ እንዳይንገላታ፣ አባል የሆነ ሰው ወደ ውጭ አገር እንዳይሰደድ ይላል።

እስቲ አስቡት። አገር ፈርሶ፣ አውሮፕላን ከላይ ቦምብ እየጣለ፣ ተቀምጠው አንቀጽ በአንቀጽ የሚጽፉ ልጆች። ሰኔ 1928 ዓ.ም. ነቀምት አቅራቢያ ቦናያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች ማቃጠላቸው ይነገርላቸዋል፤ ደንቡን ግን የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው። ማኅበሩ ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከቦ፣ ንጉሡ እንደራሴ አድርገው ከተዋቸው ከራስ እምሩ ጋር እጁን ሰጠ። ሴንሲር በሚባለው የፈረንሳይ የጦር ትምህርት ቤት ተምረው የመጡት ክፍሌ ነሲቡና በላይ ኃይለአብ ከየካቲት 12ቱ እልቂት በኋላ ተገደሉ። በኋላ ጄኔራል የሆኑት ሙሉጌታ ቡሊም ከዚያው ከሆለታ ወጣቶች አንዱ ነበሩ።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ጥያቄዬ ይበልጥ ከበደኝ። «ገበሬው እንዳይበደል» ብለው የጻፉት ልጆች ሆለታ ሳሉ የማንን እንጀራ ነበር የሚበሉት? ልብሳቸውን ማን ያጥብላቸው ነበር? ለበቅሎዎቹ ሣር ያጭድ የነበረው ማን ነው? ያገላበጥኩት ወረቀት ስለ እነሱ አንድ መስመር የለውም።

አክስቴ ነገሩን ስነግራት ሳቀች። «አንቺ ልጅ፣ ይሄንን መጽሐፍ ቤት ምን አስኬደሽ? የዕድሩ መዝገብ አለ አይደል?» አለችኝ።

የዕድሩ ጸሐፊ በዕድሜ የገፉ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሰው ናቸው። መዝገቦቹን በፌስታል ጠቅልለው ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈውባቸዋል። «ጋሼ፣ ላንብበው?» ስላቸው ትንሽ አሰቡና «ከቤት አይወጣም ልጄ። እዚሁ ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ስም ደግሞ አታወጪም» አሉኝ። ቃሌን ሰጠኋቸው። ለዚህ ነው እዚህ ላይ የማንንም ስም የማልጽፈው።

የዕድር መዝገብን አቅልሎ የሚያይ ሰው አንድም ቀን ከፍቶ አላየውም ማለት ነው። ከፊት ደንቡ አለ። ቀጥሎ የአባላት ዝርዝር። ከዚያ የወር መዋጮ፣ ቀብር ላይ ያልተገኘ ሰው የከፈለው መቀጮ፣ የዕቃ ቆጠራ። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ብርጭቆው ሳይቀር ተቆጥሯል። የተሰበረውን ማን እንደሰበረው ጭምር።

እኔን የያዘኝ ግን የስም ዝርዝሩ ነው። ስማቸው የሚመሳሰል ሰዎች እንዳይምታቱ ብሎ የጥንቱ ጸሐፊ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ሥራውን ጽፎታል። ልብስ ሰፊ። ወጥ ቤት። አናጢ። ጫማ ሰፊ። ሣር አጫጅ። አሥር አለቃ። ሃምሳ አለቃ። አጣቢ። ሦስት ገጽ ሳላነብ ገባኝ፤ ከተማው በሙሉ ከግቢው ጋር የተሰፋ ነው። ልብስ ሰፊው የሚሰፋው የማንን ዩኒፎርም እንደሆነ ይታወቃል።

ሌላም ነገር አየሁ። አንዳንዱ ማዕረግ ተሰርዞ ከበላዩ አዲስ ተጽፎበታል። አሥር አለቃ የነበረው ሃምሳ አለቃ፣ ከዓመታት በኋላ ምክትል መቶ አለቃ። ይህ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። የሐረሩ የጦር አካዳሚ በሕንድ መኮንኖች እየተመራ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ ልጆችን ሲቀበል ሆለታ ከተራ ወታደርነት ለተነሳው ሰው በሯን ከፍታ ነበር። በ1966 ዓ.ም. በመኮንኖች መካከል የነበረው ልዩነት ሲነሳ ይህ ነገር ሁልጊዜ ይጠቀሳል። መጽሐፍ ላይ አንብቤው ነበር። እዚህ ግን የጎረቤት ስም ላይ፣ በሁለት ዓይነት ቀለም ተጽፎ አየሁት።

አያቴንም እዚያ አገኘኋት። ከስሟ ጎን «ጠላ ሻጭ» ይላል። ፊርማው ቦታ ላይ ሐምራዊ የጣት አሻራ አለ። አያቴ በሕይወቷ አንድ ፊደል አልጻፈችም። ፎቶዋ እንኳ ያለን የስተርጅናዋ ነው። ያ አሻራ ግን ወጣት ሳለች የተወችው ነው። ጣቴን አጠገቡ አድርጌ ለካሁት። የእሷ ይበልጣል። ጋሼ አይተው ምንም አላሉም፤ ባለቤታቸው ቡና ደገሙኝ።

ከዚያ 1970ዎቹ ላይ ደረስኩ።

የሶማሊያ ጦር ሐምሌ 1969 ዓ.ም. ነው የገባው። ካራማራ ላይ ድል የተደረገው የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በየዓመቱ እናከብረዋለን። በዕድሩ መዝገብ ላይ ግን ጦርነቱ በሌላ መልኩ ነው የተጻፈው። የወንዱ ስም በቀይ እስክሪብቶ በአንድ መስመር ይሰረዛል። ከሥሩ የሴት ስም ይገባል፤ «በባለቤቷ ምትክ» ተብሎ። ገጹን ገለጥኩ፣ ሌላ ቀይ መስመር። ደግሞ ገለጥኩ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝ አለ። የቀብር ቀን የሚጻፍበት ቦታ ላይ ቀን አለ፤ ግን የተጻፈው ቀን ጦርነቱ ካበቃ ብዙ ቆይቶ ነው። ጋሼን ጠየቅኳቸው።

«እሱ የቀብር ቀን አይደለም» አሉኝ። «መርዶ የመጣበት ቀን ነው።»

«አስከሬንስ?»

«የለም። አስከሬን ባይኖርም ድንኳን ተተክሏል። ዕድሩ ከፍሏል። ደንቡ ላይ አስከሬን ከሌለ ይላል እንዴ? አይልም። ከፈልን።»

ደንቡን መለስ ብዬ አየሁት። እውነትም አይልም። ማንም አስቦት ስለማያውቅ አልተጻፈም። በዚያ ጊዜ የነበሩት የዕድር ዳኞች ክፍተቱን ለቤተሰቡ በሚጠቅም መንገድ ተረጎሙት። ማንም አላዘዛቸውም። የካራማራን ድል የማንበብ ዕድል ካገኛችሁ ከዚህ መዝገብ ጋር አብራችሁ አንብቡት። መርዶው ዘግይቶ የመጣባት ሴት ባሏ በሕይወት አለ ብላ የከፈለችው መዋጮ ሁሉ እዚያ ወር በወር ተመዝግቧል። በባሏ ስም፣ በእሷ እጅ።

አክስቴ ሳጥን ውስጥ ያለው ወረቀት የተለየ ነው። እሷ ደረሰኝ አትጥልም። የቀበሌ ቤት ኪራይ ደረሰኝ አላት፤ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከወጣ በኋላ የመጣ ነው። የኅብረት ሱቅ ካርድ አላት፤ ስኳር፣ ሳሙና፣ ጨው በወር ስንት እንደደረሳት ምልክት ተደርጎበታል። ሳሙና ያልወሰደችባቸው ወራት አሉ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «አልመጣማ!» ብላ ተቆጣችኝ፤ ዛሬም ድረስ ያናድዳታል። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ያሉት ወረቀቶች በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ የተጻፉ ናቸው፤ የጎረቤቷ ልጅ አነበበችልን። ባሏ እዚያው ሆለታ ባለው የግብርና ምርምር ማዕከል የቀን ሠራተኛ ነበር። እሱ ካመጣው ወረቀት መካከል የጃለኔ ድንች ዘር የተሰጠበት ብጣሽ አለ። ያ ዝርያ የወጣው ከዚያው ከማዕከሉ ነው። ሲወጣ በሽታ የሚችል ድንች ስለነበረ አክስቴ እስካሁን ሌላ አትተክልም።

ፎቶዎቹን ስታዩ ጀርባቸውን ገልጡ። የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ ቀን፣ አንዳንዴም «ለማስታወሻ ይሁንሽ» የሚል ጽሑፍ አለ። ከፊት በኩል ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ብቻ ነው የሚታየው። ማን እንደሆነና ለማን እንደሰጠው የሚናገረው ጀርባው ነው።

ያንገበገበኝን ነገር ሳልጽፍ አላልፍም። አንድ መሥሪያ ቤት ጓሮ ውስጥ ጣሪያው የሚያፈስ ኮንቴይነር አለ። ውስጡ የድሮ ፋይል ነው። ከታች ያለው ረግቶ እንደ ጭቃ ሆኗል። «ሊወገድ ነው» አሉኝ። የሰው ማመልከቻ ነው እኮ! የመሬት ክርክር፣ የጡረታ ጥያቄ፣ «ልጄ ትምህርት ቤት ይግባልኝ» የሚል የእናት ወረቀት። እናት ለጸሐፊ ከፍላ ያስጻፈችው ነው። ይህንን አሮጌ ወረቀት ብሎ መጣል ነውር ነው። ከተማዋ ለጦር ትምህርት ቤቱ ታሪክ የምታሳየውን ክብር ሩቡን ለዚህ ብትሰጥ አንድ ደረቅ ክፍል አይጠፋም ነበር።

እስከዚያው እያንዳንዳችን ቤት ያለውን ማዳን እንችላለን። ከባድ አይደለም። ወረቀቱን መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን በስልክ ማንሳት፤ ፍላሽ አለማብራት። ፊትም ጀርባም ማንሳት። የተቀደደውን በፕላስተር አለመለጠፍ፤ ፕላስተሩ ቢጫ ሆኖ ፊደሉን ይዞት ይሄዳል። ካኪ ፖስታ ውስጥ ከትቶ ከወለል ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሽማግሌው አጠገባችን ሳሉ «ይሄ ማነው?» ብሎ መጠየቅ። ጋሼ ባይነግሩኝ መርዶውን ቀብር ብዬ እጽፈው ነበር።

አሁን የምጠብቀው አንድ የዱቤ ደብተር ነው። ከግቢው በር ፊት ለፊት የነበረ ጠጅ ቤት ነው። ባለቤቷ አርፋለች። ልጇ ደብተሩን አልጣለችውም፤ አክስቴ ናት ያግባባቻት። የተበዳሪዎቹን ስም እንዳላወጣ እሷም አስምላኛለች። እኔ ስማቸውን አልፈልግም። የምፈልገው ወሩንና ገንዘቡን ነው። ጥር 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና ያለው ጦር በምግብና በውሃ ተማርሮ ሲያምፅ፣ ወታደሩ በየቦታው ደመወዝ ይጨመርልን ሲል፣ ሆለታ ላይ ዱቤው የት ደርሶ ነበር? ከየትኛው ወር ጀምሮ ነው መክፈል ያቃታቸው? ያቺ ሴት እስከ መቼ ታገሠቻቸው? ደብተሩ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የምገልጠው የዚያን ዓመት ገጽ ነው።