የቅዳሜና እሁድ ቁፋሮ

ላብራቶሪ ውስጥ ገና ጀማሪ ሳለሁ ነው። ከሐዋሳ ሐይቅ ወለል ላይ በግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ጭቃ አወጣን። ክንድ ታህላለች። ከላይ ትንሽ የሐይቁ ውሃ፣ ከሥር ጥቁር ጭቃ። ጀልባው ላይ ሳያት እንደ እንጀራ ድርድር ተነባብራ ነበር። ደስ ትላለች።

ዓርብ ማታ አዲስ አበባ ገባን። አለቃዬ፣ «ዛሬውኑ ቆራርጣት፤ ካልሆነም ፍሪጅ አስገባት» አሉኝ። ፍሪጁ ሙሉ ነው። እኔም ደክሞኛል። መስኮቱ ሥር አቁሜያት ወጣሁ።

ሰኞ ጠዋት ስመጣ ጭቃዋ ሌላ ሆናለች። በቱቦው ግድግዳ በኩል ዝገት የመሰሉ መስመሮች ወደ ታች ወርደዋል፤ አንዳንዶቹ እንደ ፈረስ ኮቴ ታጥፈው ተመልሰው ይወጣሉ። አናቷ ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። ክው አልኩ። ወዲያው ሾፌራችንን ጋሼን ያዝኩ። «መንገድ ላይ አንገጫግጨው ሰነጠቋት!» አልኩ። እሳቸውም፣ «አንተ ልጅ፣ በኔ መኪና አታሳብ!» ብለው ኮስተር አሉ።

አለቃዬ ምንም አላሉም። ስልካቸውን አብርተው ቱቦው ላይ አስጠጉ። ከአንዱ ጉድጓድ ውስጥ ቀይ ትል ይወዛወዛል። የትንኝ እጭ ነው፤ ሐዋሳ ማታ ማታ መብራት ላይ ከሚርመሰመሱት የማይናከሱ ትንኞች ወገን። ቀይ ያደረገው እንደኛው ደም ሄሞግሎቢን፣ ኦክስጅን የሚይዘው ነገር፣ ነው፤ ኦክስጅን እጅግ ባነሰበት ጭቃ እንዲኖር የሚረዳውም እሱ ነው። እየተወዛወዘ ኦክስጅን ያለው ውሃ ወደ ጉድጓዱ ይስባል፣ በዙሪያው ጭቃ ውስጥ ያለው ብረት ይዝጋል። የኔ «ስንጥቅ» ይኼ ነው!

ሌሎች ቀጫጭን ትሎችም ነበሩ። እነሱ ደግሞ ጭንቅላታቸውን ጭቃ ውስጥ ቀብረው፣ ጅራታቸውን ወደ ላይ አቁመው ይኖራሉ። ከሥር ይበላሉ፣ ከላይ ይጸዳዳሉ። የታችኛውን ጭቃ ወደ ላይ ሲያመላልሱ ይውላሉ ማለት ነው።

ችግሩ ጭቃዋን የፈለግናት ዕድሜዋን ለመለካት መሆኑ ነው። መለኪያችን እርሳስ 210 የሚባል ጨረር የሚያወጣ የእርሳስ ብረት ዓይነት ነው፤ በየ22 ዓመቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። የላይኛውና የታችኛው ከተደባለቀ ምኑ ይለካል? ትሎቹ ሐይቁ ውስጥም ይቆፍራሉ፣ ያ የታወቀ ነው። ሞቃት ክፍል ውስጥ ሦስት ሌሊት የጨመርኩላቸው ግን እኔ ነኝ።

ጋሼን ይቅርታ ጠይቄ ቡና ጋበዝኩ። በሚቀጥለው ጉዞ ጭቃዋን ሐይቁ ዳር፣ አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር እያደረግኩ ቆራረጥኳት። ስንመለስ መኪናችን ጉድጓድ ውስጥ ዘጭ አለች። ጋሼ በመስታወት አዩኝና፣ «ይኼንንስ ማን ቆፈረው ልትል ነው?» አሉኝ።