ሁለቱም ወደ ቀኝ

ደሴ ከፒያሳ ወረድ ብሎ አንድ ቤት ውስጥ አጭር ድራማ ይቀረጻል። እናት ረከቦት ፊት በርጩማ ላይ ናቸው፤ ልጅ ትይዩአቸው ወንበር ላይ። ሁለቱንም አንድ ላይ የሚያሳየው ሰፊው ሾት ከበሩ ወገን ተነሳ፦ እናት በግራ ሆነው ወደ ቀኝ፣ ልጅ በቀኝ ሆኖ ወደ ግራ ያያሉ። ከእናት ወደ ልጅ የሚሄደው የማይታይ መስመር እዚያው ተሰመረ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ካሜራው በበሩ ወገን 180 ዲግሪ ውስጥ የፈለገበት ይቁም፤ መሻገር ግን የለም።

የእናት ክሎዝ አፕ (ከቅርብ የሚነሳው ሾት) በደንብ ወጣ። ልጁ ላይ ሲደረስ ፀሐይ ወደ ጦሳ ተራራ አዘቅዝቃ መስኮቱ ከኋላው በራ፣ ፊቱ ጠቆረ። ካሜራማኑ ስታንዱን አንስቶ ወደ መስኮቱ ተሻገረ። መስመሩን እንዳለፈ ሲነገረው «ፊቱ በራ አይደል? ተመልካች መስመር አይቆጥርም» አለ።

አይቆጥርም፣ ማን ማንን እንደሚያይ ግን ያውቃል። ማታ ሾቶቹ ሲቀጣጠሉ ነገሩን ቀድመው የያዙት እናትን የተጫወቱት ሴትዮ ናቸው፦ «ልጄ፣ እኔም እሱም ወደ አንድ ወገን ነው የምናየው። እዚያ ጋ ሌላ ሰው አለ እንዴ?»

ኤዲተሩ የልጁን ምስል አገላበጠው። ከጀርባው ያለው የቀን መቁጠሪያ ፊደሉ ዞረ፣ ሲኒውም ወደ ግራ እጁ ሄደ። መሃል ላይ የጀበና ክሎዝ አፕ ማስገባት አንድ ጊዜ ለመሻገር ይረዳል፤ በየምልልሱ ግን ጀበና አይገባም።

በማግስቱ የልጁ ክፍል በዚያው ሰዓት ተደገመ። ካሜራው ከበሩ ወገን አልተነሳም። የልጁ ወንበር ትንሽ ዞሮ ከጀርባው ግድግዳ ሆነ፤ በክሎዝ አፕ ወንበር መንቀሳቀሱን ማንም አያውቅም። ብርሃን የሚመልስ ሪፍሌክተር ስላልነበረ በሩ ላይ የተወጠረ ነጭ አንሶላ የመስኮቱን ብርሃን ፊቱ ላይ መለሰ። እናት በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ስለተቀረጹ እሱም በ50፣ በእኩል ርቀት። ባዶ ግድግዳ እያየ እንዳይናገርም ሴትዮዋ ከሌንሱ በስተግራ ተጠግተው በዚያው በርጩማ ተቀመጡለት። እሳቸው ዝቅ ብለው ስለተቀመጡ ዓይኑ ዝቅ ማለት ነበረበት፤ ቆመው ቢያናግሩት ኖሮ ቀና ይልና እንደገና አይገጥምም።

ይህን ሁሉ የሚያስቀረው ፕላስተር ነው፦ ካሜራ ሳይነሳ ከወንበር እስከ ወንበር ወለሉ ላይ ይለጠፋል፣ ሰፊው ሾት ሲቀረጽ ብቻ ይነሳል፣ ለክሎዝ አፕ ተመልሶ ይለጠፋል።