የስዊው ንጉሠ ነገሥት ጎተራ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከሐሳቤ ያልወጣው ያንግ ጂያን ነው። በ581 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የስዊን ሥርወ መንግሥት መሠረተ፤ በ589 ደቡቡን ድል አድርጎ ለዘመናት ተከፋፍላ የኖረችውን ቻይና አንድ አደረገ። ሥርወ መንግሥቱ ግን 618ን አልተሻገረም።

እኔን የሚይዘኝ የእህል ሥራው ነው። የዋና ከተማው የዳሺንግ ቀለብ ከምሥራቅ በጀልባ ይመጣ ነበር። ጀልባዎቹ የሚመጡበት ዌይ ወንዝ ደግሞ ደለሉ ብዙ፣ ጥልቀቱም ተለዋዋጭ ስለሆነ ጀልባ አሸዋ ላይ ይቀራል። ስለዚህ በ584 መሐንዲሱ ዩዌን ካይ የወንዙን ውኃ ጠልፎ በምሥራቅ እስካለው እስከ ቶንግጓን ድረስ ከ300 ሊ በላይ (150 ኪሎ ሜትር ገደማ) ቦይ አስቆፈረ። በዓመቱ የመንደር ጎተራ ተጀመረ፦ ከመከር በኋላ እያንዳንዱ ቤተሰብ እንደ አቅሙ እህል ያስገባል፤ ረሃብ ሲመጣ ከዚያው ይከፋፈላል። እንዴት ያለ ጥሩ ዘዴ ነበር!

በ594 ድርቅ ሲገባ ግን የመንግሥት ጎተራ ጢም ብሎ ሳለ ያንግ ጂያን አላስከፈተውም፤ ሕዝቡ ምግብ ፍለጋ ወደ ሉኦያንግ ተሰደደ። ስዊን የተካው የታንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ታይዞንግ በኋላ በዚህ አጥብቆ ወቅሶታል፤ ልክ ነው እላለሁ። በ596 ደግሞ የመንደር ጎተራው መዋጮ በደረጃ ተተመነ፦ ሀብታም እስከ 10 ዶው (የእህል መስፈሪያ ነው)፣ መካከለኛ እስከ 7፣ ድሃ እስከ 4። በፈቃድ የተጀመረው ግብር ሆነ።